በሠርግ መጥሪያ ወረቀት ላይ ስለሚጻፈው የአለባበስ ቃል

በዘመናችን ከሚታተሙት የሠርግ መጥሪያ ወረቀቶች አንዳንዶቹ በግርጌያቸው «አለባበስ፦ የሀገር ባህል ልብስ» የምትል አጭር መሥመር ይዘው ይገኛሉ። ይህችን መሥመር እንደ ማንኛውም ጽሕፈት ቈጥረን ብንመረምራት፣ ከቁመቷ የበለጠ ሸክም የተሸከመች ሆና እናገኛታለን።

ከእርሷ በላይ ያለው የወረቀቱ ቃል ሁሉ በትሕትና የተሠራ ነው። እንግዳው «እርስዎ» ይባላል፤ ከነቤተሰቡ ተገኝቶ የደስታው ተካፋይ «እንዲሆኑልን» ተብሎ ይለመናል፤ ጠሪውም «አክባሪዎ» ብሎ ይፈርማል። የአለባበሷ መሥመር ግን ግሥም ባለቤትም የላትም። እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ስም ደርድራ ታልፋለች። ቅርጿ የተቀዳው ከፈረንጆች መጥሪያ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ እንዲህ ያለው አጭር ቃል ነውር የለበትም፤ በአማርኛ ግን ልመናውን ወደ ትእዛዝ ይለውጠዋል።

መሥመሪቱ ጨርሳ አታስፈልግም ማለቴ አይደለም። በደጋው ሀገር ቀድሞ ሸማው ራሱ ይናገር ነበር፤ በጌታው ፊት የቆመ ያደገድጋል፣ ለቅሶ የሄደ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ ይህንንም የሚያስታውቅ ወረቀት አላስፈለገም። ዛሬ ግን በከተማ በሠርጉ ቀን ሙሽራዪቱ ቬሎ፣ ሙሽራው ሱፍ ይለብሳሉ፤ በመልሱ ደግሞ ካባ ይደርባሉ። ስለዚህ የእንግዳው ጥርጣሬ እውነተኛ ነው። የፈረንጆቹን ደንብ እንዳለ መተርጐምም መድኃኒት አይሆንም። በእንግሊዞች ሥርዓት ቱክሲዶ የምሽት ልብስ ስለ ሆነ በእነርሱ አቈጣጠር ከስድስት ሰዓት በፊት አይለበስም፤ ለቀን ሠርግ የሚገባው ከኋላው የረዘመው የቀን ኮት ነው። ይህንን «ከስድስት ሰዓት በኋላ» ብሎ በአማርኛ ያተመ ሰው የሌሊቱን ልብስ በእኩለ ቀን፣ በምሳ ገበታ ላይ ያስለብሰዋል።

ዋናው ችግር ግን ያለው «የሀገር» በሚለው ቃል ላይ ነው። የትኛው ሀገር? ቃሉ ሰፊ ነውና እያንዳንዱ በየራሱ ይተረጕመዋል የሚል ይኖራል። በመዝገበ ቃላት እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ በልማድ ግን አይደለም። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ወርዶ የሀገር ባህል ልብስ የጠየቀ ሰው የሚዘረጋለት ይበልጡን ጥበብ ያለው ነጭ ሸማ ነው።

አሁን ይኸው መሥመር በካማሺ ለሚደረግ ሠርግ ተጽፎ ይታሰብ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነ ወረቀቱ በአማርኛ መታተሙ የሚያስደንቅ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ግን ከክልሉ ነዋሪ ከመቶ 26 ያህሉ በርታ፣ አማራና ጉሙዝ እያንዳንዳቸው ከመቶ 21 ያህል፣ ኦሮሞ ከመቶ 13 ያህል ሆነው ተገኝተዋል፤ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞውም አሉ። ካማሺ በተለይ የጉሙዞች ሀገር ነው። በጉሙዝ ዘንድ ደግሞ የጌጥ ወግ በጨርቅ ብቻ አይወሰንም፤ ዶቃው አለ፣ በገላ ላይ የሚወጣው ጠባሳም አለ። እንግዲህ በገዛ ሀገሩ የተጠራው ጉሙዝ ወረቀቱን ሲያነብ «የሀገር» የተባለው ልብስ የእርሱ ያልሆነው ነው። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው፣ ያ ነጭ ሸማ የሚፈተልበት ጥጥ የቆላ አዝመራ መሆኑ ነው።

ወረቀቱ ከጋብቻው ሥርዓትም ጋር ሳይስማማ ይቀራል። ዌንዲ ጀምስ በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንዳጠኑት፣ በጉሙዝ ልማድ አንዱ ወገን ልጁን ሲሰጥ ከሌላው ወገን ልጅ ይቀበላል። ልማዱ እየተነቀፈ ቢሄድም፣ በእንዲህ ያለው ጋብቻ ሁለቱም ሰጪም ተቀባይም ናቸውና «ልጃችንን እንድራለን» የሚለው የታወቀ ቃል የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞን በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሰው ከመኖሪያው እንደ ተፈናቀለ ያስብ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ጎረቤቱን ለሠርግ መጥራቱ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። በጥሪው ወረቀት ላይ አንዱን ባለቤት ሌላውን እንግዳ የሚያደርግ ቃል ከገባ፣ ቀሪው ሰው የቀረበትን ምክንያት ለጠሪው አይነግረውም።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለው፤ «በየ» የምትለው ክፍል ናት። «በየወጋችሁ አጊጣችሁ ብትመጡልን ደስታችን ነው» ቢባል ግሡ ይመለሳል፣ ልመናው ይመለሳል፣ ወጉም የተጠሪው የራሱ ይሆናል። ብዙ ቍጥሩ ለአንድ ታላቅ ሰው የማይመች ከሆነ «በወግዎ አጊጠው ቢመጡልን» ማለት ይቻላል። ሱፍ የሚወድም በሱፉ ይምጣ። ለእርሱ የሚጠቅመው «ከቀኑ 6 ሰዓት» የሚለው ከልብሱ መሥመር በፊት ጎልቶ መታተሙ ነው፤ የቆላውን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ እንግዳ ኮቱን በእጁ ይዞ ይመጣል።