የሁለተኛዪቱ ልጅ ነገር፤ ባገረሸ የደም ካንሰር ላይ ስለሚደረግ የመድኃኒት ሙከራ የቀረበ ሂስ

የኤሚሊ ኋይትሄድን ታሪክ ያልሰማ የሕክምና ተማሪ ዛሬ እምብዛም አይገኝም። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ይህች አሜሪካዊት ልጅ በ2010 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ገና የ5 ዓመት ሕፃን ሳለች አጣዳፊ ሉኬሚያ በሚባለው የደም ካንሰር ታመመች። በሽታው ሁለት ጊዜ አገረሸባት፤ በጊዜው የታወቀውም መድኃኒት ሊረዳት አልቻለም። በ2012 በሚያዝያ ወር በፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል አዲስ ሕክምና ተሰጣት። ይኸውም ቲ ሴል የሚባሉት የራሷ ነጭ የደም ሕዋሳት ከደሟ ተለይተው ከወጡ በኋላ፣ ነቀርሳውን ለይተው እንዲያጠቁ በቤተ ሙከራ ተለውጠው ወደ ደሟ የተመለሱበት ነው። በዚህ ሙከራ ከሕፃናት መካከል የመጀመሪያዪቱ እርሷ ነበረች። ወዲያው ትኩሳቱ እጅግ ጸናባት፤ በመተንፈሻ መሣሪያ እየተረዳች ሰነበተች። ሐኪሞቹ ለመገጣጠሚያ በሽታ የተሠራውን ቶሲሊዙማብ የተባለውን መድኃኒት ቢሰጧት ትኩሳቱ በረደ፤ ልጅቱም ዳነች። በ2022 በሽታው ከጠፋላት 10 ዓመት ሞላ።

ወላጆቿ ታሪኩን በ2020 በመጽሐፍ አሳተሙት፤ የመጽሐፉም ንኡስ አርእስት እምነትንና ሳይንስን ተአምራትንም ባንድ መስመር አሰልፎ ልጃችንን ያዳኗት እነዚህ ናቸው ይላል። በ2022 ደግሞ ሮስ ካውፍማን ስለዚሁ ነገር የሠራው ፊልም ታየ፤ አርእስቱ ሕክምናንና ተአምራትን ያጣመረ ነው። ልጃቸው ከሞት አፋፍ የተመለሰችላቸው ወላጆች ተአምር አየን ቢሉ ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም፤ እኔም አልነቅፋቸውም። የኔ ነቀፌታ ሌላ ነው። ታሪኩ ከቤተ ሰቡ እጅ ወጥቶ በየጋዜጣውና በየስብሰባው ሲነገር ምስክርነት መሆኑ ቀርቶ እንደ ማስረጃ መቆጠር ጀምሯል። እንደ ማስረጃ ከታየ ደግሞ ጎደሎ ነው።

ጉድለቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐኪሞቹ ራሳቸው ውጤታቸውን በ2013 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ሲያወጡ የጻፉት ስለ አንዲት ልጅ ሳይሆን ስለ ሁለት ልጆች ነው። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም ሕክምናውን ተቀብለው በሽታው ጠፋላቸው። አንደኛዪቱ ከሕክምናው በኋላ 11 ወር ሆኗት በደኅና እንደምትገኝ ጽሑፉ ይናገራል። ሁለተኛዪቱ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሁለት ወር ያህል ከቆየች በኋላ በሽታው አገረሸባት። አገረሻሹም የተለየ ነበር። የተለወጡት ሕዋሳት ጠላታቸውን የሚያውቁት ሲዲ 19 በሚባል፣ በነቀርሳው ሕዋስ ገጽ ላይ በሚገኝ ምልክት ነው፤ ተመልሶ የመጣው ነቀርሳ ግን ይህ ምልክት አልነበረበትም። ሌባ ልብሱን ለውጦ በዘበኛው ፊት እንደሚያልፍ ማለት ነው።

ሁለተኛዪቱ ልጅ በአደባባይ ስም የላትም፤ እንዲኖራትም መጠየቅ የኛ ፋንታ አይደለም። ነገር ግን ሙከራ የሚደረገው ለማወቅ ከሆነ፣ ከእርሷ የተገኘው ዕውቀት ከመጀመሪያዪቱ ልጅ ከተገኘው አያንስም። ከኤሚሊ የተማርነው የትኩሳቱን ማዕበል እንዴት መግታት እንደሚቻል ነው፤ ከሁለተኛዪቱ የተማርነው ነቀርሳው እንዴት እንደሚያመልጥ ነው። ሲዲ 22 በሚባል በሌላ ምልክት የሚመራ ተመሳሳይ ሕክምና በ21 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2018 ታትሟል፤ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ሲዲ 19ን ያነጣጠረውን ሕክምና ቀድመው የተቀበሉ ነበሩ። የማምለጫው መንገድ ባይታወቅ ኖሮ ሁለተኛ ወጥመድ ለማጥመድ ማን ያስብ ነበር? እንግዲህ አንዲቱን አስታውሶ ሌላዪቱን የሚረሳ ታሪክ የሚበድለው ያችን ልጅ ብቻ አይደለም፤ ሳይንሱንም አሳስቶ ያቀርበዋል።

የአርእስት ነገር ከተነሣ ዘንድ ወደ ኋላ መለስ ብሎ አንድ የቆየ ጽሑፍ መመልከት ይጠቅማል። የቦስተኑ ሐኪም ሲድኒ ፋርበር አሚኖፕቴሪን የተባለውን መድኃኒት ሉኬሚያ ለያዛቸው 16 ልጆች ሰጥተው በ10ሩ ላይ መሻሻል አይተው ነበር። ከዚያ በፊት ለዚህ በሽታ መድኃኒት ይህ ነው የሚባል አልነበረም፤ ልጆቹም የሚሞቱት በሳምንታትና በወራት ውስጥ ነበር። ከዚህ የበለጠ ለመኩራራት የሚያበቃ ምን ነገር ይገኛል? ሆኖም በሰኔ ወር 1948 ያወጡት ጽሑፍ አርእስቱ የሚጀምረው «ጊዜያዊ» በሚል ቃል ነው፤ የተገኘው መሻሻል ጊዜያዊ መሆኑን አንባቢው ገጹን ሳይገልጥ ያውቀዋል። በዚያን ዘመን የፈቃድ አጠያየቅ ልማድ ዛሬ እንደምናየው አልነበረምና ፋርበርን በሁሉ ነገር ምሳሌ አላደርጋቸውም። በዚህች በአንዲት ቃል ግን ከብዙ የዛሬ ተናጋሪዎች ይበልጣሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ሂሱ የሚጸናው ወይም የሚወድቀው በዚህ ነውና። ያ ሕክምና ቲሳጀንሌክሉሰል ተብሎ፣ በሽታው ላገረሸባቸው ወይም መድኃኒት ለማይበግረው ሕፃናትና ወጣቶች በ11 አገሮች በሚገኙ 25 ሆስፒታሎች ተሞከረ። (ከ11ዱ አገሮች አንዱም አፍሪቃዊ አይደለም፤ ይህን ሳልጠቅስ ለማለፍ አልቻልሁም።) ውጤቱ በ2018 ታተመ። በየንግግሩ የሚጠቀሰው 81 ከመቶ የሚለው ቁጥር ነው፤ ይኸውም ሕክምናውን ከተቀበሉት 75 ሕሙማን በ61ዱ በሽታው በ3 ወር ውስጥ ጠፍቷል ማለት ነው። ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ወደ ሙከራው የገቡት 75 ሳይሆኑ 92 ናቸው። አሥራ ሰባቱ የት ሄዱ? የ7ቱ ሕዋሳት እንደሚፈለገው ሊዘጋጁ አልቻሉም፤ 7ቱ ሕክምናው ሳይደርስላቸው ሞቱ፤ 3ቱ ደግሞ በሌላ የጤና መታወክ ምክንያት ቀሩ። ከመግባት እስከ መቀበል ያለው ጊዜ በመካከለኛ ስሌት 45 ቀን ነበር፤ ይህ በሽታ ላገረሸበት ልጅ 45 ቀን ረጅም ጊዜ ነው። 61ዱን ለ92 ብናካፍል የምናገኘው 66 ከመቶ ነው።

አንባቢ ይህ የሒሳብ ተራ ክርክር ነው እንዳይለኝ እለምናለሁ። አንዲት እናት በሆስፒታሉ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ወረቀቱ ሲቀርብላት የምትገኘው ከ75ቱ መካከል ሳይሆን ከ92ቱ መካከል ነው። ልጇ ሕክምናው እስኪዘጋጅ ይቆይ አይቆይ ገና አታውቅም። 81 የሚለው ቁጥር ያንን ደጅ ላለፈ ሰው የተሰላ ነው፤ እርሷ ግን ከደጁ ውጭ ቆማለች። ወደ ፊትም ስንመለከት፣ ሕክምናውን ከተቀበሉት ውስጥ ከ1 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በግምት 76 ከመቶ ሲሆኑ፣ በሽታው ሳያገረሽ ያን ዓመት የጨረሱት ግን ከመቶ 50 ያህል ነበሩ። በኤሚሊ ላይ ያየነው የትኩሳት ማዕበል፣ በመጠኑ ቢለያይም፣ ከመቶ 77ቱን አግኝቷል፤ በዚሁ ምክንያት ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡት ወደ ግማሽ ይጠጋሉ።

ይህን ሁሉ ስል ወደ ሙከራው አትግቡ ማለቴ አይደለም። በሽታው ሁለት ጊዜ ላገረሸበት ልጅ የቀድሞው ሕክምና ይሰጥ የነበረው ተስፋ እጅግ ጠባብ ነበር፤ በዚያ ሚዛን ሲታይ 66 ከመቶ ትልቅ ነገር ነው። በነሐሴ ወር 2017 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ሕክምናውን ሲፈቅድም ያለ ምክንያት አልነበረም። ዋጋው 475,000 ዶላር ተብሎ መቆረጡ ራሱን የቻለ ሌላ ሂስ ይፈልጋል። እኔ የምለው ትልቁ ነገር በእውነተኛ መጠኑ ቢነገር ምን ይጎድልበታል ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ቃላችን ጥቂት ልበል። በአሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች እንዲህ ያለ ወረቀት በአስተርጓሚ አፍ ሲነበብላቸው የሚሰሙት ቃል «ሙከራ» የሚል ነው። መሞከር በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው። «ሐኪሙ ልጁን ለማዳን ሞከረ» ስንል ድካሙ ሁሉ ለልጁ ነው። «መድኃኒቱ በልጁ ላይ ተሞከረ» ስንል ግን የሚፈተነው መድኃኒቱ ነው፤ ልጁ መፈተኛው ነው። ሐኪም «እንሞክር» ሲል የተጨነቀ ወላጅ የሚሰማው የመጀመሪያውን ነው፤ ወረቀቱ የሚናገረው ሁለተኛውን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ደግሞ ዋናው ጥያቄ ልጁ ይድናል ወይ የሚል ሳይሆን፣ ነገሩ ይቻላል ወይ፣ ጉዳት አያመጣም ወይ የሚል ነው። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ፖል አፔልባምና ባልደረቦቹ በ1982 ለዚህ መደናገር ስም አውጥተውለታል፤ ምርምርን እንደ ሕክምና መቁጠር ማለት ነው። እንግዲህ መደናገሩ የኛ ብቻ አይደለም፤ በኛ ቋንቋ ግን ከግሡ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል።

መደናገሩ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያሳይ ጥናት አለ። ኤሪክ ኮዲሽና ጓደኞቹ በ2004 ባወጡት ጽሑፍ፣ ልጆቻቸው አዲስ በሉኬሚያ የታመሙ 137 ወላጆች ከሐኪም ጋር ሲነጋገሩ ተከታትለዋል። በሙከራው ልጁ የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ የሚወሰነው በዕጣ ነበር። ሐኪሞቹ ይህን ከመቶ በ83ቱ ውይይት ላይ አስረድተዋል፤ ከወላጆቹ ግን ግማሾቹ ዕጣ መኖሩን አልተረዱም። በዚያም ላይ ነጮች ካልሆኑትና ኑሯቸው ዝቅ ካለው ወላጆች ዘንድ አለመረዳቱ የባሰ ነበር። እነዚህ ወላጆች ልጃቸው ገና በታመመበት ወቅት ላይ ያሉ ናቸው። በሽታው ሲያገረሽ፣ የኤሚሊንም ታሪክ ከሰሙ በኋላ፣ ጆሯቸው ምን ያህል ክፍት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ልጁስ? በዚህ ረገድ ታሪኩ ፈጽሞ ዝም ይላል፤ ባለታሪኳ የ6 ዓመት ሕፃን ስለ ነበረች ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከላይ የጠቀስሁት ሙከራ ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ወጣቶችን ጭምር የያዘ ነው። የአሜሪካ ሕግ ልጁ ለማስተዋል ከበቃ ከወላጁ ፈቃድ በተጨማሪ የራሱን እሺታ ይጠይቃል፤ በስንት ዓመት ላይ ለማስተዋል እንደሚበቃ ግን ቁጥር አልቆረጠም። ከዚህም ጋር በሙከራው ብቻ የሚገኝ የመዳን ተስፋ ካለ የልጁ እሺታ ሳይጠበቅ እንዲታለፍ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ያገረሸበት የ16 ዓመት ልጅ «በቃኝ» ቢል ቃሉ የሚጸናው ሌሎች ከፈቀዱለት ነው። በ18 ዓመቱ ግን ያው ቃል ብቻውን ይጸናል። የሕጉን ሐሳብ አልቃወምም፤ ሕመም ያስጨነቀው ልጅ የዛሬውን ሥቃይ እንጂ የነገውን ሕይወት አይመለከት ይሆናል። የምቃወመው፣ እሺታው እየተፈለገ ሳለ የሁለተኛዪቱ ልጅ ነገር ከእርሱ መሸሸጉን ነው። የ16 ዓመት ልጅ ፊልሙን ለማየት ከደረሰ የ2013ቱን ጽሑፍ ፍሬ ነገር ለመስማትም ደርሷል። ስለ ሁለት ልጆች የተጻፈ ነውና በሁለት ዐረፍተ ነገር ይነገራል፤ ለአስተርጓሚም ቢሆን የሚከብድ አይደለም።