ግብር የመሰከረለት ልደት

የቡድሃን ሕይወት የሚያጠኑ የታሪክ ሊቃውንት ደስ የሚሉኝ፣ ከተአምራቱ ይልቅ ተራ ነገር ስለሚያሳድዱ ነው። ሙሉ የሕይወት ታሪኩ የተጻፈው ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ቀደም ያለ ምስክር ሲያገኙ እንደ ወርቅ ይይዙታል።

በ1896 እ.ኤ.አ. ኔፓል ውስጥ ሉምቢኒ ላይ የተገኘውን የድንጋይ ዓምድ ተመልከቱ። ጽሑፉን ያስቀረጸው በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነበረው ንጉሥ አሾካ ነው። በነገሠ በ20ኛው ዓመት ራሱ መጥቶ እንደሰገደ፣ ቡድሃ የተወለደው እዚያ እንደሆነ፣ ለዚህም ክብር የመንደሩ ግብር ወደ አንድ ስምንተኛ እንደተቀነሰ ይናገራል። ይህ የግብር ነገር ይገርመኛል! ንጉሥ ገቢውን በዋዛ አይለቅም፤ በዚያ ዘመን ቦታው በእርግጥ ይታመንበት ነበር ማለት ነው። መታመኑን እንጂ መወለዱን ግን አያረጋግጥም፤ ሊቃውንቱ ይህችን ልዩነት አይዘነጉም።

በ2013 እ.ኤ.አ. እዚያው ሉምቢኒ ባለ ቤተ መቅደስ ሥር የ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የእንጨት ቅሪት ተገኘ ሲባል ዓለም አጨበጨበ። ጥንቁቆቹ ግን «የሠሩት የቡድሃ ተከታዮች ለመሆናቸው ምን ማስረጃ አለ?» ብለው ጠየቁ። ደግ አደረጉ።