«ሀገር የጋራ፥ ሃይማኖት የግል» ስለሚለው ቃል የተጻፈ ምርመራ

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ቃል በሰው አፍ ሲመላለስ ትርጓሜው ይሳሳል። «ሀገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እየተባለ የሚጠቀሰው ቃልም እንዲሁ ሆኗል። የሚጠቅሰው ብዙ ነው፤ የሚመረምረው ግን ጥቂት። ስለዚህ እንደ አንድ አጭር ድርሰት ቈጥረን፥ ውበቱንም ጉድለቱንም ልናይ ወደድን።

ውበቱ ግልጥ ነው። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች በልክ የተመዘኑ ናቸው፤ «የጋራ» እና «የግል» በድምፅ ተቀራርበው በትርጓሜ ይራራቃሉ፤ ስለዚህም ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ አንድ ጊዜ ሰምቶ ይይዘዋል። ቁም ነገሩም ታላቅ ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የሀገሩን ሕዝብ በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት የደከሙት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፥ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ስለ ሀገራቸው ወደቁ። ይህ ቃል ግን ሀገርን ለክርስቲያኑም ለእስላሙም እኩል ይሰጣል። እርግጥ ነው፤ ሥራው ሁልጊዜ ከቃሉ ጋር አልተካከለም፤ እኩልነትን የሚጠይቁ እስላሞች በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና መሰለፋቸው ይህን ይመሰክራል።

ጉድለቱ ያለው «የግል» በሚለው ቃል ነው፤ ብዙዎች «የተሰወረ» ብለው ይፈቱታልና። ይህ አፈታት ይጸና እንደ ሆነ ከመተማ በስተ ሰሜን፥ በምዕራብ አርማጭሆ ቈላ ባለችው በአብደራፊ እንፈትነው። ወደዚህች የሱዳን ጠረፍ ከተማ ለሰሊጥና ለማሽላ እርሻ ከየአገሩ ሰው ይወርዳል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ የካቲት ወር ገቡ፤ ይህም የቈላው ሐሩር የሚበረታበት ጊዜ ነው። እንግዲህ በአንድ ወንበር ላይ ማተብ ያሰረ ልጅና ሂጃብ የለበሰች ልጅ ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም ጾመዋል። የጾመ ልጅ ረኀቡንና ጥማቱን በቤቱ ትቶ ወደ ትምህርት ቤት ሊመጣ ይችላልን? ማተብስ በአንገት እንጂ በሣጥን ይታሰራልን?

በዚያው ዓመት በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከክፍል ተከለከሉ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ ታዘዘ። የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች በመከራቸው ቀን ባስጠጋች ምድር ይህ መሆኑ ያሳዝናል።

ተከራካሪው ግን «ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል» ይለናል። እውነት ነው። ነገር ግን አንቀጹ የሚናገረው ስለ ትምህርቱ ነው እንጂ ስለ ተማሪው አንገትና ራስ አይደለም። መምህሩ በጠመኔው ሊሰብክ አይገባውም፤ ተማሪውም ባልንጀራውን ሊያስገድድ አይገባውም። ከዚህ በቀር እምነቱን ይዞ መግባቱ በአንቀጽ 27 የታወቀለት መብት ነው።

ካህናት አባቶቻችን የዳንኤልንና የሠለስቱ ደቂቅን ነገር ያስተምሩናል። በባቢሎን ንጉሥ ቤት የከለዳውያንን ትምህርት ሲማሩ፥ በንጉሡ መብል እንዳይረክሱ ጥራጥሬና ውሃ ለመኑ፤ ሹሙም ዐሥር ቀን ፈተናቸው። ትምህርቱን አልናቁም፥ ሃይማኖታቸውንም አልጣሉም። አረማዊ ሹም ለእኛ አባቶች የሰጠውን ፈቃድ፥ እኛ ለጎረቤታችን ልጅ ብንነፍግ በምን አፍ እናስተምራለን? ይልቁንም በደርግ ዘመን እግዚአብሔር የለም የሚለውን ትምህርት በየትምህርት ቤቱ የሰሙ የእኛው ልጆች፥ በእምነት ምክንያት ማፈር ምን እንደ ሆነ ያውቁታል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ አይጣል፤ ነገር ግን በትክክል ይፈታ። የግል የሆነ ነገር ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ የጋራ የሆነውም ቤት ባለቤቱን ከነገንዘቡ ይቀበላል። የአብደራፊ መምህር የጾሙትን ልጆች በቀትር ከጥላ ቢያሳርፍ፥ የሩጫውንም ትምህርት ወደ ማለዳ ቢያዛውር፥ ያን ቃል ከጠቃሾቹ ሁሉ ይልቅ ፈታው ማለት ነው። እግዚአብሔር ማስተዋልን ይስጠን።