የተመለሰው ማን ነው?

አንድ አንጋፋ የሙዚቃ ቡድን ከረጅም ዝምታ በኋላ ብቅ ሲል አድማጭ ዘፈኑን ከመስማቱ በፊት ፍርዱን ጨርሶ ይጠብቀዋል። ወዳጅ «አሁንም አሉ!» ይላል። ወዳጅ ያልሆነው ደግሞ «ምነው ቢያርፉ!» ይላል። ኤሲ ዲሲ የተባለው የአውስትራሊያ ሀርድ ሮክ ቡድን በኦክቶበር 2020 «ሾት ኢን ዘ ዳርክ» የተሰኘውን ነጠላ ዜማ ሲለቅም የሆነው ይኸው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ወገኖች ግን ዋናውን ጥያቄ የዘለሉት ይመስለኛል። ለመሆኑ የተመለሰው ማን ነው?

ቡድኑን ከወንድሙ ከአንገስ ጋር በ1973 ሲድኒ ውስጥ የመሠረተው ማልኮልም ያንግ የመርሳት በሽታ ይዞት በ2014 ከመድረክ ወረደ። ከዚያም በፊት ቢሆን፣ በ2008 በተጀመረው የዓለም ዙሪያ ጉዞ ላይ፣ እሱው የፈጠራቸውን ዜማዎች እንደ ተማሪ መልሶ ያጠና ነበር። ቀጥሎ ድራም መቺው ፊል ራድ ኒውዚላንድ ውስጥ በገባበት የፍርድ ቤት ጣጣ ከቡድኑ ተለየ። በ2016 ዘፋኙ ብራያን ጆንሰን «ካላቆምክ ጨርሶ ትደነቁራለህ» ተብሎ በሐኪም ትእዛዝ ጉዞውን አቋረጠና ቦታውን አክስል ሮዝ ሸፈነለት። ቤዝ ተጫዋቹ ክሊፍ ዊሊያምስም በዚያው ዓመት በቃኝ አለ። በ2017 መጨረሻ ማልኮልም በ64 ዓመቱ አረፈ፤ የመጀመሪያዎቹን አልበሞቻቸውን በፕሮዲውሰርነት የሠራላቸው ታላቅ ወንድሙ ጆርጅ ደግሞ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞት ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ጆንሰን፣ ራድና ዊሊያምስ ተመለሱ። በማልኮልም ቦታ የወንድሙ ልጅ ስቲቪ ያንግ ቆመ። ነጠላ ዜማው የወጣበት «ፓወር አፕ» የተባለው አልበም ሲታይ ግን በዜማዎቹ ደራሲነት የተመዘገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንገስና ማልኮልም። ዘፈኖቹ የተሠሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ባለፉት ዓመታት አጠራቅመው ካስቀመጧቸው ሐሳቦች ነውና።

ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ብሉዝ ብሉዝ የሚል የጊታር ሐረግ ይከፍተዋል፤ ራድ እንደ ልማዱ አንዲት ትርፍ ምት ሳይጨምር ይከተላል። ጆሮ መስጠት የሚገባው ግን ብዙ ሰው ልብ ለማይለው ለአጃቢው ጊታር ነው። ማልኮልም ክሩን ጠንከር አድርጎ ይመታና ወዲያው ያፍነዋል፤ በሁለት ምቶች መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው ሰውን የሚያስነቀንቀው። ብዙ የሮክ ጊታር ተጫዋቾች ይህን ባዶ ቦታ ስለሚፈሩት በጫጫታ ይሞሉታል። ስቲቪ አልሞላውም። የራሱን ጥበብ ለማሳየትም አልሞከረም። አጎቱ በተወው ልክ ይመታል፣ አጎቱ ዝም በሚልበት ዝም ይላል።

ግጥሙን ግን ማመስገን አልችልም። ሌሊት፣ ፈንጠዝያና የደም መሞቅ የቡድኑ የድሮ ጓዳ ዕቃዎች ናቸው፤ አቧራቸው እንኳ በወጉ አልተራገፈም። ርእሱ በጨለማ፣ በግምት መተኮስን የሚያመለክት ነው፤ ሆኖም በዚህ ዘፈን ውስጥ በግምት የተተኮሰ አንዳች ነገር የለም። ዒላማው አስቀድሞ ተለክቷል፤ ተቀባዮቹ ርእሱን ደጋግመው የሚጮኹት ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ አብሮ እንዲጮኽ ታስቦ ነው። እኔ መራጭ ብሆን ኖሮ አልበሙን የሚከፍተውን «ሪያላይዝ»ን አስቀድም ነበር።

አንዳንዱ ሰው ከ1980ው ጋር ሊያወዳድረው ይሞክራል። ያኔ ዘፋኙ ቦን ስኮት በፌብሩዋሪ ሞተ፤ በጁላይ «ባክ ኢን ብላክ» ጥቁር ሽፋን ለብሶ፣ በደወል ድምፅ ተከፍቶ ወጣ። ሐዘኑ በዓይንም በጆሮም ይታወቅ ነበር። የ2020ው ዘፈን ውስጥ እንዲህ ያለ ደወል የለም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ይኖራል፤ እኔ አልቆጥረውም። ስኮት ሲሞት የጠፋው የሰው ድምፅ ነበርና በሌላ ድምፅ ሊለቀስለት ይችላል። ማልኮልም ሲሞት የጠፋው ግን እጅ ነው። ለእጅ የሚያለቅስለት እጅ እንጂ ግጥም አይደለም።

ለብዙ ሕዝብ ታስቦ የተሠራው ዘፈን የወጣው ወረርሽኙ ስታዲየሞችን በዘጋበት ዓመት መሆኑም የራሱ ምፀት አለው። ቡድኑ መድረክ ላይ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2023 በካሊፎርኒያዋ ኢንዲዮ ነው። ያን ቀን ድራሙ ላይ የተቀመጠው ማት ላግ እንጂ ራድ አልነበረም። በ2024ቱ የአውሮፓ ጉዞ ደግሞ ዊሊያምስም ቀረ፤ ቤዙን የያዘው ክሪስ ቼኒ ሆነ። ስለዚህ ራድና ዊሊያምስ፣ ጆንሰንና አንገስ፣ ከስቲቪ ጋር ሆነው የማልኮልምን ሥራ ሲጫወቱ መስማት የሚፈልግ ሰው ወደ መድረኩ ሳይሆን ቫንኩቨር ስቱዲዮ ውስጥ ወደተቀዳው ቅጂ ይመለስ፤ ሲሰማም የግራና የቀኙን ድምፅ ለይቶ፣ አጃቢው ጊታር በሚመጣበት በኩል ጆሮውን ያስጠጋ።