በሰው ጥላ ሥር የወጣ ሸክላ

አሜሪካዊውን ጊታር ተጫዋች ኤዲ ሄዝልን ከሚያውቁት ሰዎች አብዛኞቹ የሚያውቁት በአሥር ደቂቃ ሙዚቃ ነው። ፈንካዴሊክ የተባለው ባንድ በ1971 ያወጣው «ማጎት ብሬይን» የተሰኘ አልበም መክፈቻ ላይ ያለውን፣ ስሙም ከአልበሙ ስም ጋር አንድ የሆነውን ሥራ ማለቴ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ንግግር አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊታር ነው፤ ጊታሩም ያለቅሳል። የባንዱ አለቃ ጆርጅ ክሊንተን ደጋግሞ እንደተረከው ከሆነ፣ ከቀረጻው በፊት ልጁን የእናትህን ሞት እንደተረዳህ፣ ቆይተህ ደግሞ መርዶው ሐሰት መሆኑን እንደሰማህ አድርገህ ተጫወት ብሎታል። ልጁ ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሩ ነው። መርዶ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሰው በማለዳ በር ሲንኳኳ ሆዱ ለምን እንደሚባባ ለምናውቅ ለእኛ ትእዛዙ ማብራሪያ አያሻውም። ክሊንተን ኋላ ላይ የሌሎቹን መሣሪያዎች ድምፅ ዝቅ ዝቅ አድርጎ ጊታሩን ብቻውን ሜዳ ላይ አስቀረው።

ስለዚህ ሥራ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም። እኔ ማውራት የፈለግሁት ሄዝል በሕይወት ሳለ በራሱ ስም ስላወጣው አንድ አልበም ነው። አንድ ብቻ! «ጌም፣ ዴምስ ኤንድ ጊታር ታንግስ» ይባላል። በ1977 ዋርነር ብራዘርስ አሳተመው። ሸክላው ብዙም ሳይቆይ ከሱቅ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የሰብሳቢዎች አደን ሆነና ያገለገለ ቅጂው ከአዲስ ሸክላ በብዙ እጥፍ ይሸጥ ጀመር። በሲዲ በደንብ የታተመው በ2004 ነው፤ ራይኖ ሃንድሜድ የተባለው፣ በጥቂት ቅጂ የማሳተም ልማድ የነበረው ድርጅት አወጣው። በመካከሉ ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ፤ ሰውዬውም ሞተ።

ለመሆኑ አልበሙ ይህን ያህል የሚወራለት ነው ወይ? መቼም ያልተገኘ ነገር ሁሉ ጣፋጭ ነው። ሰብሳቢ የሚባለው ፍጥረት ደግሞ ለዕቃው የከፈለውን ዋጋ በአድናቆት ለማስመለስ ይጥራል። ዛሬ ግን ማንም ሰው በእጅ ስልኩ ከፍቶ ሊሰማው ስለሚችል፣ በወሬ ሳይሆን በጆሮ መፍረድ ይቻላል። ኒውዮርክ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሲዲውን ልኮልኝ ከሰማሁት ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ እኩል ያልተቦካ ሊጥ ነው። ግማሹ ከምርጦቹ ጋር ይቆማል፤ ግማሹ ደግሞ የቤቱ የዘወትር እንጀራ ነው። «ፍራንቲክ ሞመንት» እና «ሶ ጎዝ ዘ ስቶሪ» ጥሩ ናቸው፤ ያስጨፍራሉ፤ ግን የክሊንተን ሰዎች በዚያ ዓመት በየትኛውም ስም ሊያወጧቸው ይችሉ ነበር።

ሸክላውን ሸክላ ያደረጉት ሁለት የሰው ዘፈኖች ናቸው። ነገሩ አስገራሚ ነው፤ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ስም ሲናገር የሰው ቃል ተውሶ ይጀምራል? አንደኛው የማማስ ኤንድ ፓፓስ «ካሊፎርኒያ ድሪሚን» ነው። ይህ ዘፈን በ1965 ሲወጣ ንጹሕና ለስላሳ የአራት ሰው ዝማሬ ነበር፤ መሐል ላይ ዋሽንት ገብቶ ይዋብበታል። ተራኪው በቀዝቃዛ ከተማ ክረምት ውስጥ እየተጓዘ ሞቃቱን ካሊፎርኒያ ያልማል። ስትሰሙት ግን ነገሩ ከባድ አይመስላችሁም፤ ትኬት መቁረጥ ብቻ የቀረው ሰው ነው፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይሄዳል።

ሄዝል ይህን ዘፈን አዘገየው። ያደረገው ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ግን ማዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ዜማውን በድምፅ ሳይሆን በጊታር ያነሳዋል፤ አንድን ኖታ ይይዝና እንዳይለቀው የፈራ ይመስል ያጎነብሰዋል፤ ኖታው ሊያልቅ ሲል ሌላ ይጀምራል። ዘፈን ሲገባም ጊታሩ ቦታውን አይለቅም፤ ከዘፋኞቹ ጎን ቆሞ የእነሱን ዓረፍተ ነገር በራሱ መንገድ ይጨርሳል። ቃሉ አንድ ነው፤ ተናጋሪው ግን ሌላ ሆኗል። የመጀመሪያው ሰው ካሊፎርኒያን የሚያውቃት ናት፤ ይሄኛው የሚያልማት ካሊፎርኒያ በካርታ ላይ ስለመኖሯ እርግጠኛ አይመስልም።

በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን ከምቆጣባቸው ነገሮች አንዱ የደራሲውን የሕይወት ታሪክ በድርሰቱ ላይ እንደ ቴምብር መለጠፍ ነበር። ስለዚህ እዚህም እጠነቀቃለሁ። ግን ታሪኩን ሳይነግሩ መተውም አይቻልም። ሄዝል በ1950 ብሩክሊን ተወለደ። እናቱ ግሬስ ኩክ ልጇን ከከተማው ዕፅና ወንጀል ለማራቅ ብላ ወደ ኒው ጀርሲ፣ ወደ ፕሌንፊልድ ወሰደችው። ክሊንተን በዚያች ከተማ ፀጉር ቤት ነበረው፤ ፀጉር እየሠራ «ፓርላመንትስ» የተባለ የድምፃውያን ቡድን ያስተዳድር ነበር። በ1967 አንድ ዘፈናቸው ተወደደና ለጉዞ የሚሆኑ ሙዚቀኞች አስፈለጉ። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እናት መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፤ አማላጅ ተልኮ፣ ተለምና ፈቀደች። ከዕፅ ያሸሸችውን ልጅ ለማን እንዳስረከበች ያኔ ልታውቅ አትችልም። ፈንካዴሊክ በኋላ የታወቀበት ነገር ሙዚቃው ብቻ አልነበረምና።

በ1971 «ማጎት ብሬይን» ከወጣ በኋላ ሄዝል በገንዘብ ጉዳይ ተጣልቶ ከባንዱ ራቀ። በ1974 ተመልሶ ከክሊንተን ጋር «ስታንዲንግ ኦን ዘ ቨርጅ ኦቭ ጌቲንግ ኢት ኦን» የተባለውን አልበም ሠራ። የዚህን አልበም የደራሲዎች ዝርዝር ስታዩ ግሬስ ኩክ የሚል ስም ታገኛላችሁ። እናቱ ጊታር ተጫዋች ሆና አይደለም፤ ልጁ ድርሰቱን በእናቱ ስም አስመዝግቦ ነው። ለምን እንዳደረገው የተለያየ ነገር መገመት ይቻላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሞታለች ብለህ ተጫወት የተባለላት ሴት በሦስተኛው ዓመት የዘፈን ደራሲ ሆና መገኘቷ ነው። በዚያው ዓመት ሄዝል አውሮፕላን ውስጥ የበረራ አስተናጋጅና የጥበቃ ሠራተኛ ደብድቧል፣ ዕፅም ይዞ ተገኝቷል ተብሎ ተከሰሰ፤ ታሰረም። ክሊንተን ቆሞ አልጠበቀም። «ማጎት ብሬይን»ን አሳምሮ የሚጫወት ማይክል ሃምፕተን የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አገኘ። የተተካውም፣ ተተኪውም ሲገቡ አሥራ ሰባት ዓመታቸው መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ታዲያ በ1977 የራሱን ሸክላ እንዲያወጣ ዕድል ሲሰጠው ሁኔታው ይህን ይመስላል። ክሊንተን ባለ ብዙ ቤት ሆኗል። ብልህ ሰው ነው፤ ያንኑ የሙዚቀኞች ስብስብ በተለያየ ስም ለተለያየ ኩባንያ ይሸጣል፦ ፓርላመንት ለካዛብላንካ፣ ፈንካዴሊክ ለዋርነር፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ የቡትሲ ኮሊንስ ባንድም ለዚያው ለዋርነር። የሄዝልን አልበም ከሄዝል ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ክሊንተን ነው፤ አጃቢዎቹ፣ ቡትሲም ሆነ ኪቦርድ ተጫዋቹ በርኒ ዎረል፣ የክሊንተን ቤት ሰዎች ናቸው፤ «ፊዚካል ላቭ» የተባለው ሥራ እንኳ በ1976 በቡትሲ አልበም ላይ ወጥቶ የነበረ ነው። እንዴት ነው ነገሩ፣ ሸክላው የማን ነው? ሽፋኑ ላይ ስሙ ተጽፏል፤ ድግሱ ግን በሰው ቤት፣ በሰው ድስት የተሠራ ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ኩባንያ የወጣው የቡትሲ አልበም በጥቁሮች የሙዚቃ ሰንጠረዥ አናት ላይ ተቀመጠ። የሄዝል ሸክላ ግን ሰሚ አጣ።

ክሊንተንን ጨቋኝ፣ ሄዝልን ተጨቋኝ አድርጎ ነገሩን መቋጨት ይቀላል። እኔ አይዋጥልኝም። ያለ ክሊንተን ሄዝል የሚባል ጊታረኛ መኖሩን ከፕሌንፊልድ ውጭ ማን ይሰማ ነበር? «ማጎት ብሬይን»ም የእጁ የሄዝል፣ የጆሮው የክሊንተን ነው፤ ሌሎቹን ዝም ያሰኘው ክሊንተን ነውና። ይልቅስ ከሁለቱም በላይ የሆነ ነገር ነበር፤ እሱን ማየት ይሻላል።

የሰባዎቹ የአሜሪካ ሬዲዮ እንደ መንደሮቹ የተከፋፈለ ነበር። ረዣዥም የጊታር ሥራዎችን የሚያስደምጡት የኤፍ ኤም የሮክ ጣቢያዎች በአመዛኙ የነጮችን ባንዶች ያሰሙ ነበር። የጥቁሮቹ ጣቢያዎች ደግሞ የሚፈልጉት ለጭፈራና ለፍቅር የሚሆን ዘፈን ነው። በድምፅ ማዛቢያ መሣሪያ እየጮኸ ዘጠኝ ደቂቃ የሚሄድ ጥቁር ጊታረኛ ለአንደኛው በቀለሙ፣ ለሁለተኛው በድምፁ አይመችም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሳደገችው፣ ቸክ ቤሪ ጎዳና ላይ ያወጣው ሙዚቃ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት በር ላይ ቆሞ ማነህ ይባላል። ጂሚ ሄንድሪክስስ? ሄንድሪክስ የታወቀው መጀመሪያ እንግሊዝ ሄዶ ነው፤ በ1970 ሲሞት ደግሞ ብቸኛ ተደርጎ፣ ከእሱ ሌላ የለም ተብሎ ተቆለፈ። ከእሱ በኋላ የመጣ ጥቁር ጊታረኛ ሁሉ ወይ የእሱ ግልባጭ ነው፣ ወይ የለም። ነገሩ እስከ 1985 ድረስ ስላልተለወጠ ነው ጊታረኛው ቨርነን ሪድና ሐያሲው ግሬግ ቴት ከሌሎች ጋር ሆነው ኒውዮርክ ላይ ብላክ ሮክ ኮአሊሽን የተባለ ማኅበር የመሠረቱት። ጥቁር ሰው ሮክ መጫወት ይችላል ለማለት ማኅበር ማቋቋም ያስፈልጋል? አስፈልጓል።

ሁለተኛው የውሰት ዘፈን የቢትልሶች «አይ ዎንት ዩ» ነው። በ1969 የወጣው የእነሱ ሥራ በጥቂት ቃላት የተሠራ ነው፤ ያችኑ ምኞት ደጋግሞ ደጋግሞ መጨረሻ ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ክር በድንገት ይቆማል። ቃል ያነሰው ግጥም ለጊታረኛ ለም መሬት ነው። ሄዝል ገብቶ አረሰው። ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ ሴቶቹ ያችኑ ሐረግ ይመላልሷታል፤ ጊታሩ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ያለውን ደግሞ አይልም። እዚህ ላይ ያለው ሐዘን አይደለም፤ ቁጣም አይደለም። እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ሊወድቅ ነው ስትሉ ምቱን በትክክል ይረግጣል። ከ«ማጎት ብሬይን» የሚለየውም ይኼ ነው። እዚያ አልቅስ ተብሎ ያለቀሰ ልጅ አለ፤ እዚህ ማንም ምንም ያላዘዘው የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ይጫወታል፤ ሲያሻው ይቀልዳል። ለእኔ ከሁለቱ ይበልጥ የሚታመነው ይኸኛው ነው። ይህን ስል የማጎት ብሬይን ወዳጆች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ ምን ይደረግ።

«ዋት አባውት ኢት» ላይ ደግሞ ፍጥነቱን ልቀቁልኝ ያለ ይመስላል፤ ይሮጣል፤ ስለ እሷ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ኋላ ላይ ክብር አልቀረም። በ1997 የፓርላመንትና የፈንካዴሊክ ሰዎች ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገቡ የእሱም ስም አብሮ ገባ። በ2003 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ባወጣው የመቶ ታላላቅ ጊታረኞች ዝርዝር ላይ አርባ ሦስተኛ ተደረገ (ጊታረኛን እንደ ማራቶን ሯጭ በተራ ቁጥር መደርደር የፈረንጅ ሱስ ነው)። እሱ ግን ሁለቱንም አላየም። ታኅሣሥ 23 ቀን 1992 በውስጥ ደም መፍሰስና በጉበት ሕመም ሞተ፤ አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር። በቀብሩ ላይ «ማጎት ብሬይን» ተሰማ።

እኔ ብጠየቅ ሌላ እመርጥ ነበር። አልበሙ መጨረሻ ላይ «ካሊፎርኒያ ድሪሚን» ይመለሳል፤ አጭር ነው፤ ጊታሩ ገና መሞቅ ሲጀምር ያልቃል። እሱን ነበር የማስከፍተው።