ብልሽት ፍለጋ

በኢንዱስትሪ አውቶሜሽን ሥልጠና ውስጥ እንደ ብልሽት ፍለጋ ልምምድ የምወደው የለም። አሰልጣኙ ሰልጣኞቹን ከክፍል ያስወጣና ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ አንዲት ሽቦ ያላላል፤ ወይም ሴንሰሩን ጥቂት ሚሊሜትር ያንቀሳቅሳል። ሲመለሱ ማሽኑ ቆሟል። ምክንያቱን የሚነግራቸው የለም።

ጀማሪ የማሽኑን ክፍል ለመቀየር ይቸኩላል። የበሰለው ሰልጣኝ ግን መጀመሪያ ያያል፦ ዕቃው ሴንሰሩ ፊት ሲደርስ የፒኤልሲው (ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) የመግቢያ መብራት ይበራል? ከበራ፣ ፍለጋው ወደ ፕሮግራሙና ወደ ሞተሮቹ ይሻገራል። ካልበራ፣ መልቲሜትሩን አንሥቶ የሴንሰሩ 24 ቮልት ኃይል እስከ የት እንደሚደርስ ይለካል። በአንድ ጥያቄ የማሽኑ ግማሽ ከጥርጣሬ ነጻ ይወጣል።

በተለይ የሚያስደንቀኝ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ያለው የመለኪያ ምልክት ነው። ለምን ከ0 አልጀመረም? ለምሳሌ የውሃ ታንከር ባዶ ሲሆን ምልክቱ 4 ነው፤ ሽቦው ቢበጠስ ግን ንባቡ 0 ይሆናልና፣ የታንከሩ ባዶ መሆንና የሽቦው መበጠስ አይምታቱም። ይህን የቀየሱት መሐንዲሶች ለጠጋኙም አስበዋል። ሰልጣኙ በመጽሐፍ ሲያገኘው በቀላሉ ያልፈዋል፤ ሽቦውን በእጁ ነቅሎ ቁጥሩ ሲወርድ ካየ ግን አይረሳውም።

ሰልጣኙ ሮቦት ወዳለበት አጥር ከመግባቱ በፊት ደግሞ ኃይሉን ያጠፋል፣ በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል፣ ኃይል አለመኖሩን በመለኪያ ያረጋግጣል፣ ቁልፉንም ኪሱ ይከታል። ለዚህ ልማድ ጊዜያቸውን የማይሰስቱ አሰልጣኞችን ከልቤ አከብራለሁ።