አቧራና እብቅ፤ ስለ አሮጌ ፊልም ማጽዳት የቀረበ ሒስ

በይፋግ አገር፥ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፥ ጤፍ ተወቅቶ ነፋስ ሲነሣ ገበሬው ምርቱን በላይዳ ወደ ላይ እየበተነ ያዘራል። ፍሬው ከእግሩ ሥር ይወርዳል፤ እብቁ ግን እንደ ጢስ ሆኖ ይሄዳል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህንኑ እብቅ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም አሮጌ ፊልም በኮምፒዩተር ሲጸዳ መሣሪያው አቧራንና እብቅን ለይቶ ያውቃልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ1974 እ.ኤ.አ. ቀርጾ በ1976 ያወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ፊልሙ በባለርስት መሬት ላይ የሚደክም የአንድ ገበሬ ቤተ ሰብ ኑሮ ያሳያል፤ የተቀረጸውም በጥቁርና ነጭ፥ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። ርዝመቱ 150 ደቂቃ ያህል ስለ ሆነ፥ በሰከንድ 24 ሥዕል ሲታሰብ 216,000 ሥዕል ይሆናል። ይህን ሁሉ በእጅ አንድ በአንድ መጥረግ ከባድ ነውና እንዲህ ያለው ሥራ ለመሣሪያ ቢሰጥ አንነቅፍም።

እድፉ ሁለት ዐይነት ነው። በኔጋቲቩ ላይ ያረፈ አቧራ በሚታተምበት ጊዜ ብርሃን ስለሚከለክል በቅጂው ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ በቅጂው ላይ ያረፈው ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በ2021 ታድሶ እንደ ታየው እንደ «ሳንኮፋ» ባለ ባለ ቀለም ፊልም ላይ እድፉን በኢንፍራሬድ ብርሃን ለይቶ ማየት ይቻላል፤ ቀለሙ ያን ብርሃን ያሳልፋል፥ አቧራው ግን ያግደዋልና። በጥቁርና ነጭ ፊልም ግን ሥዕሉ ራሱ ብር ስለ ሆነ ብርሃኑን ይከለክላል፤ ዘዴውም አይሠራም። ስለዚህ መሣሪያው እያንዳንዱን ሥዕል ከፊትና ከኋላ ካሉት ጋራ ያመሳክራል። በአንዱ ታይቶ በቀዳሚውና በተከታዩ የሌለውን ነጥብ እድፍ ነው ብሎ ይፈርድበታል፤ ስፍራውንም ከጎረቤቱ ሥዕል ወስዶ ይሞላዋል።

ስሕተቱም ከዚህ ላይ ይጀምራል። በነፋስ የሚሄድ እብቅ፥ የዝናብ ጠብታ፥ በበሬ ዐይን ዙሪያ የሚበር ዝንብ በአንድ ስፍራ ሁለት ጊዜ አይታዩም። መሣሪያው እነዚህን ቢጠርጋቸው ሥዕሉ ይጠራል፤ ገበሬው ግን ያለ ነፋስ የሚያዘራ፥ ያለ ዝንብ የሚያርስ ሰው ይሆናል። ድካምን ለማሳየት በተሠራ ፊልም ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ተመልካች የጠራ ሥዕል ይወዳል የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ በሰው ፊት ላይ የሚዘል ነጭ ነጥብ ዐሳብን ይከፋፍላል፥ በ16 ሚሊ ሜትር ጠባብ ሥዕልም ትንሿ ጉድፍ ስትጎላ ትልቅ ትሆናለች። ይሁን እንጂ የቀረ ጉድፍ ነገ ሊነሣ ይችላል፤ የተጠረገ እብቅ ግን መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅለት ተመልካች አይኖርም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ሦስት ነገር ይገባል። አንደኛ፥ ፊልሙ ወደ ኮምፒዩተር ከመግባቱ በፊት ራሱ ይታጠብ፤ ሁለተኛ፥ ያልተነካው ቅጂ ለዘወትር ይቀመጥ፤ ሦስተኛ፥ አውድማ፥ ዝናብ ወይም ከብት በሚታይበት ስፍራ ሁሉ ፍርዱ ለመሣሪያ ብቻ አይተው፥ የገጠርን ሥራ የሚያውቅ ሰው ከባለሙያው አጠገብ ይቀመጥ። እብቅን ከአቧራ የሚለይ ዐይን በይፋግ አይታጣም።